ሞተር አጥፍቶ መውረድ

እንግዲህ ቀይዋ መብራት ቦግ ያለችው ያን ጊዜ ነው። ግቡ፣ ግቡ፤ ተቀመጡ፤ ብዙም አላመለጣችሁም። ገና አንኮበርን አልፈን ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን መጀመራችን ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። ጭነቱ ላይ የተሳፈሩት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የየራሳቸውን ጸሎት ይዘዋል። ጋቢና ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጓድ ወንድይፍራው በአንድ እጃቸው የበሩን እጀታ፣ በሌላው ባርኔጣቸውን ጨብጠዋል። እኔ መሪውን ይዣለሁ። መሪው ይሁን የያዘኝ እኔ መሪውን፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ወደ ገደሉ ከመመለሳችን በፊት ስለ መብራት አንድ ነገር ልበላችሁ። መብራት ሲባል የሰው ልጅ ደስ ይለዋል። ከተማ ውስጥ መብራት ገባ ሲባል እልል ይባላል፤ የጨነቀው ሰው «ብርሃን ያሳይህ» ተብሎ ይመረቃል። የሾፌር ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ክሩስኮት ላይ፣ ከመሪው ባሻገር የተደረደሩት ትንንሽ መብራቶች በዓለም ላይ ላለመብራት ተብለው የተሠሩ መብራቶች ናቸው። እነሱ ሲጨልሙ ነው የሾፌር ቀን የሚነጋው። አንዷ ቦግ ካለች ደግሞ ሾፌር ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ክሩስኮቱን በመዳፉ ጧ ያደርገዋል። ሌባ መጣ ብሎ የጮኸን ውሻ በድንጋይ እንደማባረር ማለት ነው። በጥፊ እምቢ ያለች እንደሆነ ዓይኑን ወደ መንገዱ መልሶ አላየሁም ይላል።

እኔም መታሁት። አልጠፋችም። ወደ መንገዱ አየሁ። መንገዱም አላጽናናኝም።

ሰው በአንዲት የሽምብራ ፍሬ በምታህል አምፖል እንዲህ ይርበተበታል ወይ ትሉ ይሆናል። ያን ዘመን የምታውቁ አትሉም። ለማያውቁት ልንገራቸው። በዚያ ሰሞን በእኛ አካባቢ ወጣት ወንድ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የሄደና የሚሄድ። የት እንደሚሄድ አይጠየቅም፤ ወደ ሰሜን ነው። የሄዱት አብሮ አደጎቼ ካደግንባት ከመዘዞ ሲነሡ እያጨበጨብን ሸኝተናቸዋል፤ ሲመለሱ ለማጨብጨብ ግን ዕድል ያገኘን የለም። እኔ ሦስተኛ ዓይነት ነበርኩ። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ትቼ፣ አውቶቡስ ተራ ውዬ፣ ከሾፌሮች ስድብና ማርሽ ተምሬ፣ በመጨረሻ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ የገበሬዎቹ የአገልግሎት ማኅበር ሾፌር ሆንኩ። ምልመላ በመጣ ቁጥር ማኅበሩ «ሾፌራችንን ከወሰዳችሁት ዘሩንና ማዳበሪያውን ማን ያደርስልናል?» እያለ ያስቀረኛል። ስለዚህ የኔና የመኪናዋ ውል ይህ ነበር፦ እሷ ስትሄድ እኔ እቀራለሁ፤ እሷ ከቆመች እኔ እሄዳለሁ።

መኪናዋ ደግሞ መቆም የሚያምራት ነበረች። ከአንዱ ወንድም ሶሻሊስት አገር በደህናው ዘመን መጥታ፣ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች መጥጠው መጥጠው ሲያበቁ ለእኛ የተሰጠች ባልቴት ናት። መግለጫዋ ማንም በማያነበው ቋንቋ ነው የተጻፈው። ቀይዋ መብራት ላይ የተሣለው ሥዕል ግን ተርጓሚ አያሻውም። ባለ ጥርስ መንኮራኩር ናት። ካምቢዮ ማለት ነው። ማርሾቹ ያሉበት ሆድ ታሟል ማለት ነው።

ጓድ ወንድይፍራው መብራቷን አዩአት። አቀርቅረው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩአት።

«ደረጀ፣ ይህቺ ቀይ ምንድን ናት?»

እሳቸው ራሳቸው ደረሱልኝ።

«መንኮራኩር! የወዛደሩ ዓርማ አይደለችም እንዴ? አየህ፣ ወንድም አገር እንዲህ ነው። መኪናው ውስጥ ሳይቀር አስበውልናል።»

«አዎ ጓድ» አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባል የለ!

ዓርማዋ ግን መብራቷ ብቻ አልበቃትም። ጥቂት እንደወረድን ከእግሬ ሥር ድምፅ ጀመረች። መጀመሪያ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሕፃን፣ ኋላ ደግሞ የራበው ጅብ እንደሚያላዝነው ሆነ። ሜዳ ቢጤ ስናገኝ አቆምኩና «ሰዎቹ ለሽንት ይውረዱ» አልኩ። ማንም ሽንት አልጠየቀም፤ ሁሉም ግን በደስታ ወረደ። እኔ ከሥሯ ገብቼ ካምቢዮውን በመዳፌ ብነካው የእጄ ቆዳ እዚያው ሊቀር ምንም አልቀረው። ያ ብርድ፣ ያ የአንኮበር ነፋስ እያለ እኔ በላብ ተጠመቅሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አሁን ሞተሩ ለምን ጠፋ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ይመስለኛል። ጤነኛ ሰው የአንኮበርን ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ ይወርዳል ወይ? አይወርድም። ዘዴ ያለው ሰው ግን ይወርዳል።

ዘዴው የጋሽ በላቸው ነው። ጋሽ በላቸው ከኔ በፊት የመኪናዋ ሾፌር የነበሩ፣ ኋላ የስምሪት ኃላፊ የሆኑ፣ ግርማ ሞገሳቸው ከነጢማቸው የሚያስፈራ ሰው ናቸው። ከመዘዞ ደብረ ብርሃን በመጣሁበት ሰሞን በአዳራሹ ስብሰባ ኮከብ ሠራተኛ ተብለው ሲሸለሙ ከኋላ ቆሜ አይቻለሁ። ማኅበራችን በነዳጅ ቁጠባ ከአውራጃው አንደኛ ወጥቶ ለጓድ ወንድይፍራውም ባለ ዘርፍ ባንዲራ ተሰጣቸው። ጋሽ በላቸው መድረክ ላይ ወጥተው የቁጠባቸውን ምሥጢር ዘረዘሩ። ቁልቁለት ባገኙ ቁጥር ማርሽ አውጥተው፣ ሞተር አጥፍተው፣ በፎሌ እንደሚወርዱ፤ ዳገት ሲደርሱ ማርሽ አስገብተው በግፊት እንደሚያስነሱ፤ መሬት ራሷ ለምርት ዘመቻው እየጎተተች ስትተባበር ናፍጣ ማቃጠል ከአሻጥር እንደሚቆጠር ተናገሩ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ነበር። እኔም አጨበጨብኩ። መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

ቁልፉን ሲያስረክቡኝ «በል እንግዲህ፣ እንደምታውቀው ነው» ብቻ አሉኝ። የማውቀው ያንን ነበር። ደግሞስ ባላውቅ ምርጫ ነበረኝ? የናፍጣ ኩፖኑ የሚሰጠኝ በኮከቡ ልክ ተቆርጦ ነው። እሳቸው በዚህ ከሄዱ አንተስ ምን ያንስሃል ይባላል። ስለዚህ ዘዴውን እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ያዝኩት። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ አንዲት ቁልቁለት፣ አንዲት የጎደጎደች ሜዳ እንኳ ሳትቀር ሞተር ጥፍት፣ ማርሽ ውልቅ። ነፋሱ በመስኮት ሲያፏጭ እሰማዋለሁ። የሚያፏጨው ለኔ ይመስለኛል።

ያን ቀን ካምቢዮው እስኪበርድ ጠብቀን አልዩ አምባ በሰላም ደረስን፤ ከዚያ በኋላ ግን መብራቷ አመል አወጣች። አመሏ ደግሞ ጤነኛ አመል አልነበረም። ማንም ፍጥረት ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቁልቁለት ላይ ያርፋል፤ እሷ ግን ዳገት ላይ ጭነት ተሸክማ ስታቃስት ጭልም ብላ ትተኛለች፣ ቁልቁለት ላይ በነፃ ስትወርድ ቀልታ ትነቃለች። ሽቦ ተነካክቶ ይሆናል ብዬ ሽቦውን ፈታትቼ አሰርኩ። ዘይት ጎድሎ ይሆናል ብዬ ለካሁ፤ አልጎደለም። ጭነት ላይ የተሳፈሩ አንድ ቄስ «ልጄ፣ ጠበል እርጫት» አሉኝ፤ እሱንም አሰብኩበት። እንቅልፌ ከዳኝ። ከሰው ጋር ቆሜ ሳወራ እንኳ ጆሮዬ እግሬ ሥር ነው፤ የቆምኩበት መሬት የሚያላዝን ይመስለኛል።

ከብልሽቱ ይልቅ የብልሽቱ ስም ነው የሚያስፈራው። ያን ጊዜ ብረት አርጅቶ ይሰበራል የሚባል ነገር ቀርቶ ነበር። ወፍጮ ቢቆም አሻጥር ነው፤ መጋዘን ቢያፈስ አሻጥር ነው። የተበላሸ ነገር ሁሉ አበላሽ አለው። የካምቢዮው ጥርስ ቢረግፍ አበላሹ ማን እንደሚሆን ለማወቅ ሰባተኛ ክፍልን መጨረስ አያስፈልግም።

በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ የአልዩ አምባ ሰው ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ከፍተው በብርዱ ምክንያት ከዓመት ዓመት በሁለት ካፖርት የሚሠሩ፣ ከሚፈቱት ቡሎን ይልቅ የሚያወሩት ወሬ የሚበዛ መካኒክ። የመጡበትን ቆላ በየቀኑ ያመሰግናሉ፤ ግን አይመለሱበትም። አመሏን ነገርኳቸው።

«ሽቅብ ስትል ትጠፋለች፣ ቁልቁል ስትል ትበራለች?»

«አዎ ጋሽ ሰይድ።»

«ስትወርድ በስንት ማርሽ ነው?»

«በፎሌ ነዋ! ሞተር አጥፍቼ።»

የያዙትን ቁልፍ መሬት ላይ አኖሩት። «አስተግፊሩላህ! ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ዘዴ ነው። የኮከቡ ዘዴ።»

«ስማ አንተ ልጅ» አሉኝ፤ ግራና ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱ ከታች ነው የሚተኛ። እያነሣ የሚረጨው ሞተሩ የሚያዞረው ጥርስ ነው። ሞተር አጠፋህ፣ እሱ ቆመ። ጎማው ግን ይሮጣል፤ ጎማው ከኋላ የላይኛውን ዘንግ ይዞት ይሮጣል። በደረቁ! ዘይቱ ታች ተኝቶ፣ ብረቱ ላይ በደረቁ ይፈጫል። ዳገት ላይ ሞተር ስላለ ዘይት ይጠጣል፣ መብራትህም ትጠፋለች። ጀሊሉ ጠብቆህ ነው እንጂ ቁልቁለቱ መሐል ድርቅ ብሎ ቢይዝህ ኖሮ ዛሬ ከኔ ጋር አታወራም።»

ዘይቱን በጣሳ ቀድተው ወደ ፀሐይ አሳዩኝ። የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። የብር ዱቄት ይመስላል። ኩሽኔታዋ ነው እንዲህ ተፈጭታ የቀረችው።

«ትድናለች?»

«ዘይት እለውጥልሃለሁ። ሞተር ካላጠፋህባት ገና ብዙ ትገፋለች። ካጠፋህባት…» ጣሳውን ደፉት።

«እንግዲያው ይህንኑ ለጓድ ወንድይፍራው ይንገሩልኛ!»

ጋሽ ሰይድ ሁለቱንም ካፖርት ቆለፉ። «እኔ? እኔ ቤተሰብ አለኝ። የብረቱን በሽታ ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ። የሰዎቹን በሽታ አልጠየቅኸኝም፤ ብትጠይቀኝም መድኃኒቱን አላውቀውም። ቢጠሩኝ እርጅና ነው እላለሁ። ወላሂ እርጅና ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። ናፍጣ እንቆጥብ ብለን ካምቢዮ በላን። ግን ይህን ተረት ባንዲራው ከተሰቀለበት ቢሮ ገብቶ የሚተርት ጀግና ከየት ይምጣ?

እኔ ሳልናገር ነገሩ ራሱ ተናገረ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ «የማኅበሩ መኪና እንደ ጅብ ትጮኻለች» ብሎ አውርቶ ኖሮ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው «የመኪናዋ የመብራትና የድምፅ ሁኔታ» ይላል። የታመመ ሰው ሐኪም ያየዋል፤ የታመመችን መኪና ግን ያን ጊዜ ስብሰባ ነበር የሚያያት። አንዱ ተነሥቶ የመብራቷን የመደብ ጀርባ ሊመረምር ሞከረ። ሌላው «መብራት በራሱ አይበራም፤ ያበራው ማነው?» አለ። ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። ደጅ ውርጭ ነው፤ የኔ ሸሚዝ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ተነሣሁ። ዘዴው ነው የገደላት ብል የጓድ ወንድይፍራውን ባንዲራ ከግድግዳው መገንጠሌ ነው። አላውቅም ብል አሻጥረኛ ነኝ። በዚያም በዚህም ሰሜን ነው። አውቶቡስ ተራ ያሳደገው ልጅ ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ ሊመቱህ የመጡ እንደሆነ የሚወዱትን ሰው እቀፍ። እንዳቀፍከው አይመቱህም።

«ጓዶች» አልኩ፣ «እኔ የኮከብ ሠራተኛችንን ዘዴ አንዲት ቁልቁለት ሳልዘል ተግብሬአለሁ። በዝናብም በጉምም ሞተር እያጠፋሁ ወርጃለሁ። ተሳፋሪ ሁሉ ምስክሬ ነው፤ ጓድ ሊቀ መንበርም በዓይናቸው አይተዋል። መብራቷ የምትበራው ዘዴው በሥራ ላይ ሲውል ብቻ ነው።»

ጓድ ወንድይፍራው ወደ ጋሽ በላቸው አዩ። ጋሽ በላቸው ፊታቸው አመድ መስሎ ጢማቸውን ያሻሻሉ ጀመር። ሳል አማራቸው። ሳሉ። ሳሉና «መብራት… ሲያረጅ ይበራል» አሉ።

ይህን ጊዜ ጓድ ወንድይፍራው ከወንዝ እንደወጣ ሰው ተነፈሱ። «ጓዶች፣ እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ዘዴውም ትክክል ነው፣ ሾፌሩም ትክክል ነው። ችግሩ ያለው አምፖሏ ላይ ነው። አምፖሏ እንድትወጣ የምትደግፉ!» እጅ ሁሉ ወጣ። የኔም ወጣ። ጋሽ ሰይድ ተጠርተው መጥተው፣ ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ፣ አምፖሏን ነቅለው በኪሳቸው ይዘው ሄዱ። መኪናዋ በጭብጨባ ዳነች።

እኔ ግን አልዳንኩም። ከአዳራሹ ስወጣ የቆጠርኩት ሂሳብ የባሰ ነበር። ሞተር ባጠፋ ካምቢዮው ያልቃል፤ ባላጠፋ ናፍጣው ያልቃል። ካምቢዮው ካለቀ አሻጥር፣ ናፍጣው ካለቀ ብክነት። በፊት ቢያንስ «ፍራ» የምትለኝ መብራት ነበረችኝ። አሁን መቼ መፍራት እንዳለብኝ የሚነግረኝ ስለሌለ ሁልጊዜ ልፈራ ነው።

ጋሽ በላቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሲሄዱ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ይማሩኝና አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። በእርስዎ ጊዜ ካምቢዮዋ ለምን አልጋለችም? ምን ቢያደርጉላት ነው? የቀረ ዘዴ ካለ ይንገሩኝ። ያልቅብኛል እኮ ጋሼ፤ እሷ ካለቀች እኔ ሄጄ ነው።»

ቆሙ። መንገዱን አዩ። ክንዴን ይዘው ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ጥግ ወሰዱኝ።

«ከመሸለሜ በፊት በነበረው ክረምት አንተ ገና አልመጣህም ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «ናዳ መንገዱን በልቶት መኪናዋ ክረምቱን ሙሉ እዚሁ ጓሮ ቆማ ከረመች። የቆመች መኪና ናፍጣ ትጠጣለች?»

«አትጠጣም።»

«አልጠጣችም። ናፍጣው ተረፈ። ለምን ተረፈ ተብለን ተጠየቅን። በምርት ዘመቻ ላይ መኪና ቆማ ከረመች ይባላል? ማን አቆማት ሊባል ነው። ወንድይፍራው ማታውን ጠራኝና ‹በላቸው፣ ዘዴ ፈልግለት› አለኝ። ፈለግሁለት።»

«ታዲያ ቁልቁለቱን…?»

«በሁለተኛ ማርሽ ነዋ! ሞተሩን እያስጮህኩ፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እያደረግሁ። ልጆች አሉኝ እኮ!»

ጋሽ በላቸው አዘኑልኝ መሰለኝ ትከሻዬን ቸብ አደረጉ። «ናፍጣውን ለኔ ተወው። ስምሪት የምሰጠው እኔ ነኝ፤ አልፎ አልፎ ለጥገና ብዬ አቆማታለሁ። የቆመችበት ለሄደችበት ይከፍላል። አንተ ማርሽህን አስገብተህ ውረድ። የትም አትሄድም፣ እዚሁ ነህ።»

ጥቂት እንደተራመዱ ግን አንድ ነገር የከነከናቸው መስለው ዘወር አሉ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ ደግመው አዩኝ።

«ቆይ አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ስብሰባ ላይ ያልነውን ከምርህ ትሠራው ነበር እንዴ?»